በአፀድ ስለሚደረግ ሠርግ ለክርስቲያኖች የተጻፈ ትምህርት



ሠርግ የደስታ ቀን ነው፤ ደስታውንም የሰጠ እግዚአብሔር ነው። የመጀመሪያው ጋብቻ የተፈጸመው በአዳራሽ ሳይሆን በገነት ዛፎች መካከል እንደ ሆነ ኦሪት ዘፍጥረት በ2ኛው ምዕራፍ ያስረዳናል። ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስም የተአምራቱን መጀመሪያ ያደረገው በቃና ዘገሊላ በሠርግ ቤት ነው። እንግዲህ ሠርግን በሚገባ የሚያከብር ሰው እግዚአብሔር ያከበረውን ያከብራል።

በዚህ ዘመን በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች ብዙ ወጣቶች እንደ ምዕራባውያን ልማድ በአፀድ ውስጥ በለምለም ሣር ላይ ሊጋቡ ይወዳሉ። ወንበሩ በቀኝና በግራ በረድፍ ይደረደራል፤ በመካከሉ ሙሽራይቱ የምታልፍበት መንገድ ይተዋል፤ በአበባ የተሸለመ ደጅ ይቆማል፤ ነጭ ቬሎ ይለበሳል፤ ባለ ብዙ ደርብ ኬክ ይቆረሳል። አንዳንድ ሽማግሌዎች ይህን አይተው «የፈረንጅ ነገር ነው» ብለው ይነቅፋሉ። አንዳንድ ወጣቶች ደግሞ ይህ ካልተደረገ ሠርግ እንዳልተደረገ ይቈጥራሉ። ሁለቱም ወገኖች ነገሩን በሚገባ አልመረመሩትም። ስለዚህ ልትጋቡ የተጫጫችሁ ወጣቶችና እናንተም ወላጆቻቸው፥ ይህን ነገር በአምስት ክፍል አብረን እንመልከት።

1ኛ፤ ልማዱ ከወዴት እንደ መጣ

ነጭ የሙሽራ ቀሚስ በአውሮፓ ከጥንት ጀምሮ የታዘዘ ሥርዓት አይደለም። ቀድሞ ብዙ ሙሽሮች ካላቸው ልብስ የተሻለውን፥ ቀለሙ ምንም ቢሆን፥ ለብሰው ያገቡ ነበር። የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በፌብሩዋሪ 10 ቀን 1840 ዓ.ም. ልዑል አልበርትን ባገባች ጊዜ ነጭ የሐር ቀሚስ ለበሰች፤ ከዚያም ወዲህ ልማዱ ቀስ በቀስ ወደ ብዙ አገር ተስፋፋ። ነገር ግን ቬሎ የሚከራዩ ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር አለ። በዚያ ቀሚስ ላይ የነበረው ዳንቴል በእንግሊዝ አገር በዴቨን አውራጃ በእጅ የተሠራ ነበር። ንግሥቲቱም ይህን የመረጠችው፥ በመኪና የሚሠራ ዳንቴል በዝቶ ሥራቸው የተዳከመባቸውን የአገሯን ባለ እጆች ለመርዳት ነው።

እንግዲህ ያችን ንግሥት ለመምሰል የሚወድ ሰው ከቀሚሷ ይልቅ አሳቧን ይምሰል። በእኛ አገር ነጭ ልብስ እንግዳ ነገር አይደለም፤ እናቶቻችን በጥበብ ያጌጠ ነጭ ቀሚስና ነጠላ ለብሰው ተድረዋል። በሽሮ ሜዳ ከመወርወሪያው ጋር የሚውሉ ሸማኔዎች ዛሬም አሉ። ሙሽራይቱ ቬሎ ብትለብስ ኀጢአት አይደለም፤ የአገሯን ሸማኔ ሥራ ብትለብስም ከክብሯ የሚጐድል ምንም የለም፤ ለአንድ ቤተ ሰብም እንጀራ ታተርፋለች።

ከቤት ውጭ መደገስም ቢሆን ከባሕር ማዶ የመጣ አይደለም። አባቶቻችን በግቢያቸው ወይም በሜዳ እንጨት አቁመው፥ ቅጠል አልብሰው፥ ቄጠማ ጐዝጕዘው ዳስ ይጥሉ ነበር። በዳሱም ውስጥ ዘመድና ጎረቤት፥ ባለጠጋና ድኃ ተቀምጦ ይበላ ነበር። ስለዚህ «በአፀድ ማግባት ይገባልን?» ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ይገባል። የሚያስፈልገው ጥያቄ «በአፀዱ ውስጥ ማን ይቀመጣል? ሠርጉስ ካለፈ በኋላ ምን ይቀራል?» የሚል ነው።

2ኛ፤ ስለ ወጪ

ጌታችን በሉቃስ ወንጌል በ14ኛው ምዕራፍ፥ ግንብ ሊሠራ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲያሰላ አስተምሯል። ሠርግም እንዲሁ ነው። ሁለታችሁ አንድ ደብተር ይዛችሁ ተቀመጡ። በመጀመሪያ ከሠርጉ በኋላ ለሦስት ወር የሚሆን የቤት ኪራይና ቀለብ ለይታችሁ አኑሩ፤ ይህ ገንዘብ ለሠርጉ እንደሌለ ይቈጠር። ከዚያ በኋላ በግራው ገጽ የሚያስፈልገውን ጻፉ፤ ይህም ምግብና ውኃ፥ ጥላ፥ መቀመጫና የእንግዶች መጓጓዣ ነው። በቀኙ ገጽ ደግሞ የሚያስጌጠውን ጻፉ፤ ይህም አበባ፥ ኬክ፥ የመኪና ሰልፍ፥ ፎቶግራፍና ይህን የመሰለ ነው። የግራው ገጽ ተከፍሎ ሳያልቅ ወደ ቀኙ አትለፉ። ስለ ቀኙ ገጽም ከቶ አትበደሩ። ዕዳ በሠርጉ ቀን ዝም ይላል፤ በመልሱ ማግሥት ግን ደጅ ይመታል። ብዙ ባልና ሚስት የመጀመሪያውን ጠብ የተጣሉት ስለ ፍቅር ጕድለት ሳይሆን ስለ ሠርግ ዕዳ ነው።

ደግሞም አፀድን የመረጠ ሰው ብዙ አበባ መግዛት አያስፈልገውም፤ እግዚአብሔር አስቀድሞ ተክሎለታልና። ድንኳን፥ አግዳሚ ወንበርና ትልልቅ ድስት ከዕድር ይገኛል። የዕድሩ ወንበር ቀለሙ አንድ ባይሆን የሚያፍርበት ሰው ቢኖር፥ በኀዘኑ ቀን በዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚያጽናኑት እነማን እንደ ሆኑ ያስብ።

3ኛ፤ ስለ ጊዜና ስለ ቦታ

ከሰኔ እስከ መስከረም ክረምት ስለ ሆነ የአፀድ ሠርግ አይመችም። ከፋሲካ በኋላ በሚያዝያና በግንቦት ብዙ ሠርግ ይደረጋል፤ ነገር ግን የበልግ ዝናም ድንገት ይመጣልና ድንኳን ወይም የቅርብ አዳራሽ ሳያዘጋጅ ማንም አይጥራ። ጥር ደረቅ ወር ስለ ሆነ ይመቻል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለ ሆነች የቀትር ፀሓይዋ ያቃጥላል፤ ፀሓይ ስትጠልቅም ብርዱ ይበረታል። ስለዚህ ሥርዓቱን ከጧቱ በ3 ወይም በ4 ሰዓት ጀምሩ፤ ሽማግሌዎችና ሕፃናት ያሏቸው እናቶች በጥላ ሥር ይቀመጡ፤ የእጅ መታጠቢያ ውኃና መጸዳጃ ቤት መኖሩን ቀድማችሁ እዩ። ነፋስ የጠረጴዛ ልብስና ቬሎ ያነሣልና በክብደት ይያዝ። አፀዱ የሌላ ሰው ወይም የሕዝብ ከሆነ ፈቃድ ጠይቁ፤ ስትሄዱም ካገኛችሁት ይልቅ ንጹሕ አድርጋችሁ ተዉት።

ጾም የሚጾሙ ጎረቤቶቻችሁንም አስቡ። በረቡዕና በዓርብ፥ በዐቢይ ጾምም በ55ቱ ቀን ሥጋ የማይበሉ ብዙዎች ናቸው፤ ስለዚህ ቀኑን ስትቈርጡ ይህን ተመልከቱ፤ በሌላውም ቀን ቢሆን የጾም ወጥ በተለየ ድስት ይሠራ። ለእስላሞች ወዳጆቻችሁም እነርሱ ያረዱትና በራሳቸው ዕቃ የተሠራ ምግብ ይዘጋጅ። ስለ መጠጥ ብርዝና ቡና ይበቃል፤ ሰው በመስከር ሳይሆን በመከበር ደስ ይለዋል።

ስለ ፎቶግራፍ አንድ ቃል ልጨምር። በብዙ ሠርግ ሙሽሮቹ ከፎቶግራፍ አንሺው ጋር ከአንዱ አትክልት ቦታ ወደ ሌላው ሲዞሩ፥ ዕድምተኞቻቸው ሁለትና ሦስት ሰዓት ተርበው ይጠብቃሉ። ምዕራባውያንን የምንመስል ከሆነ፥ የተናገሩትን ሰዓት መጠበቃቸውን ለምን አንመስልም?

4ኛ፤ ስለ ዕድምተኞች

አሁን የምነግራችሁን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ነገር ግን ለእናንተ ይጠቅማል ብዬ እጽፈዋለሁ።

ከዓመታት በፊት ከማስተምራቸው ወጣቶች አንዱ በአፀድ ውስጥ አገባ። አባቱ በልጅነቱ ስለ ሞተበት በገጠር የሚኖር አጎቱ አሳድጎት፥ በሬ ሸጦ ትምህርት ቤት ያስገባው ልጅ ነበር። ለሠርጉ 150 ወንበር ተደረደረ፤ 150 የጥሪ ወረቀትም ታተመ። ወረቀት ያልያዘ እንዳይገባ ተወሰነ፤ በበሩም ቆሜ ወረቀቱን እንድቀበል እኔ ተመረጥሁ። ሥራውን በትጋት ሠራሁ፤ ትጋቴም ደስ አሰኝቶኝ ነበር።

ሥርዓቱ ሊጀመር ሲል ጋቢ የለበሰ፥ በእግሩ አቧራ ያለበት አንድ ሽማግሌ በቅል ማር ይዞ መጣ። «ወረቀትዎ የት አለ?» አልሁት። «የምን ወረቀት? ልጄ ነው እኮ» አለኝ። ሁሉም እንዲሁ ይላል ብዬ አሰብሁና «እባክዎ ጥቂት ከዚህ ይቈዩ፤ እጠይቃለሁ» አልሁት። ወዲያው መዝሙሩ ተጀመረ፤ ወደ ውስጥ ገባሁ፤ ረሳሁትም። በመጨረሻ ወደ በሩ ስመለስ ሽማግሌው የለም፤ ማሩን ለዘበኛው ሰጥቶ ሄዶ ነበር።

ማታ ቅሉ ለሙሽራው በተሰጠው ጊዜ ወዲያው ዐወቀውና አለቀሰ። ስለ ጥሪው ለአጎቱ በሰው አፍ ልኮበት ነበር እንጂ ወረቀት አልላከለትም ነበር፤ ማንበብ አይችልምና። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሙሽራው፥ ሙሽራይቱና እኔ ይቅርታ ልንጠይቅ ወደ ገጠር ሄድን። ሙሽሮቹ ጉልበቱን ሳሙ፤ እኔም በእግሩ ላይ ወደቅሁ። ሽማግሌው ሁላችንን አነሣንና እንዲህ አለ፤ «ወንበር አጥቼ አልሄድሁም፤ ሣሩ ሰፊ ነበር፤ በሣር ላይ መቀመጥ ለእኔ ምኔም አይደል። የሄድሁት ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የሚያውቀኝ ባጣ ነው።» ይቅርም አለን። እኔ ግን ያን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ወዳጆቼ ሆይ፥ አስተውሉ። አፀድ ግድግዳ የለውም፤ ግድግዳውን የሠራነው እኛ በወረቀት ነው። የጥሪ ወረቀት መጥፎ ነገር አይደለም፤ ምግቡን ለመመጠን ይረዳል። ነገር ግን በበሩ ላይ እንደ እኔ ያለ እንግዳ ሰው ብቻውን አይቁም፤ ከሙሽራው ወገን አንድ፥ ከሙሽራይቱም ወገን አንድ፥ የገጠሩን ዘመድ በመልክ የሚያውቅ ሰው ይቁም። ለተጠሩት 100 ሰዎች ምግብ ስታዘጋጁ ለ10 ሰዎች ጨምሩ። የፊተኛውን ወንበር ለሹማምንት ብቻ አትጠብቁ፤ ያሳደጓችሁን አስቀድማችሁ አስቀምጡ። የያዕቆብ መልእክት በ2ኛው ምዕራፍ፥ የወርቅ ቀለበት ያደረገውን በክብር ቦታ አስቀምጦ ድኃውን የሚያቆም ጉባኤ እንዴት እንደሚወቀስ አንብቡ። ቃል ኪዳኑም ከተፈጸመ በኋላ የወላጆችን ጉልበት መሳም አይቅር፤ ይህ የአባቶቻችን ልማድ ከአበባው ደጅ ይልቅ ያምራል።

5ኛ፤ ስለ ቃል ኪዳን

ሣሩ ይጠወልጋል፤ ኬኩ ይበላል፤ ቬሎው ለአከራዩ ይመለሳል። የሚቀረው ቃል ኪዳኑ ነው። ስለዚህ ለአበባው ምርጫ ከሰጣችሁት ሰዓት ይልቅ ለቃል ኪዳኑ ብዙ ሰዓት ስጡ። ከሠርጉ በፊት ሁለታችሁ ከአንድ የታመነ መምህር ጋር ተቀምጣችሁ ስለ ገንዘብ፥ ስለ ወላጆች፥ ስለ ልጆችና ስለ ጸሎት ተነጋገሩ። የአገራችንንም ሕግ አክብሩ፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ተጋቢዎቹ ሁለቱም 18 ዓመት እንዲሞላቸውና በነጻ ፈቃዳቸው እንዲጋቡ ያዝዛል። በቤተ ክርስቲያን የተፈጸመውንም ጋብቻ በመንግሥት መዝገብ አስመዝግቡ፤ ይህ ለሚስትና ለልጆች ጥበቃ ነው።

በቃና የወይን ጠጁ ባለቀ ጊዜ ጌታ ደጋሾቹን አልነቀፈም፤ ጕድለታቸውን ሞላ እንጂ። ከዕድምተኞቹም ብዙዎቹ ምን እንደ ተደረገ አላወቁም፤ ውኃውን የቀዱት አገልጋዮች ግን ዐወቁ። እንግዲህ ሠርጋችሁ በዓለም ዐይን ጕድለት ያለበት ቢመስል አትፍሩ፤ ጌታ ከተጠራበት ያ ሠርግ ሙሉ ነው።

በመጨረሻ ሁለታችሁ ብቻችሁን ሆናችሁ እነዚህን ጥያቄዎች በጸሎት መልሱ።

1. ሠርጋችን ካለፈ በኋላ የምንከፍለው ዕዳ ይኖርብናልን?
2. ከሚረዱን ሰዎች መካከል በልብሱ ወይም በድኽነቱ ምክንያት ልንጠራው ያፈርንበት ሰው አለን?
3. ያሳደገን ሰው ያለ ወረቀት ቢመጣ በበሩ ላይ ማን ያውቀዋል?
4. ዝናም ዘንቦ ጌጡ ሁሉ ቢበላሽ በደስታ እንጋባለንን?

ለአራተኛው ጥያቄ ያለ ማመንታት «አዎን» ብላችሁ ከመለሳችሁ፥ አፀዱን ተከራዩ፤ ወንበሩንም ደርድሩ። ጋብቻን የሠራ እግዚአብሔር ቤታችሁን ይባርክ፤ በፍቅርና በሰላም ያኑራችሁ። አሜን።