1932 የትኛው ነው? የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት አርታኢያን አለመግባባትን እንዴት ይፈታሉ?

መግቢያ

ከአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ፣ ከአቃቂ ቃሊቲ ወረድ ሲሉ ትልቁና ትንሹ የአቃቂ ወንዞች የሚገቡበት የአባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገኛል። ሐይቁ በግድብ የተጠራቀመ ውኃ ነው፤ ግድቡም የተሠራው ከአገራችን ቀደምት የውኃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ለሆነውና 6.6 ሜጋ ዋት ለሚያመነጨው ጣቢያ ነው። ጣቢያው መቼ ተሠራ ብለን ስንጠይቅ ግን የተለያየ መልስ እናገኛለን። አንዳንድ ጽሑፎች «1932» ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ በጣሊያን ወረራ ዘመን እንደተሠራ ይገልጻሉ።

ልዩነቱ የቁጥር ብቻ አይደለም። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1932 ከሆነ ሥራው የነፃዋ ኢትዮጵያ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941 ባሉት ዓመታት ከሆነ ግን የወራሪው ነው። ለመሆኑ እንዲህ ያለውን ጉዳይ ማንም ሰው ሊያርመው በሚችል መዝገበ ዕውቀት ውስጥ ማን ይወስናል? በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን የአባ ሳሙኤልን ምሳሌ ይዘን እንመረምራለን።

የአሠራሩ መሠረት

ዊኪፔዲያ እ.ኤ.አ. በ2001 በጂሚ ዌልስና በላሪ ሳንገር ተመሠረተ። አማርኛን ጨምሮ በብዙ ቋንቋዎች የሚዘጋጀው ያለ ክፍያ በሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች ነው። እያንዳንዱ መጣጥፍ ከራሱ ሌላ ሁለት ገጾች አሉት። አንደኛው እያንዳንዱ ለውጥ ከነጊዜው የሚመዘገብበት የታሪክ ገጽ ሲሆን፣ ሁለተኛው አርታኢያን የሚከራከሩበት የውይይት ገጽ ነው። ከታሪኩ ገጽ የተነሣ የተበላሸን ጽሑፍ ወደ ቀድሞው መልኩ መመለስ ከማበላሸቱ የበለጠ አያደክምም።

ነገር ግን ይኸው ቅለት ለጠብም በር ይከፍታል። ሁለት አርታኢያንን እናስብ፤ አንደኛው በአባ ሳሙኤል መጣጥፍ ላይ «እ.ኤ.አ. 1932» ብሎ ይጽፋል፤ ሁለተኛዋ «በወረራው ዘመን» ብላ ታርማለች። እርሱ ይመልሳል፤ እርሷም መልሳ ትመልሳለች። ይህ «የአርትዖት ጦርነት» ይባላል። በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ አንድ አርታኢ በአንድ ገጽ ላይ በ24 ሰዓት ውስጥ የሌሎችን ሥራ ከሦስት ጊዜ በላይ እንዳይመልስ ተከልክሏል፤ ከተላለፈ ለጊዜው ሊታገድ ይችላል። ደንቡ እንደ ኤሌክትሪክ ፊውዝ ነው፤ ብልሽቱን አይጠግንም፣ ዳሩ ግን ቤቱ ከመቃጠሉ በፊት መስመሩን ይቆርጣል።

ከጦርነት ወደ ውይይት

ጥገናው የሚሠራው በውይይት ገጹ ላይ ነው። በዚያ የሚጠየቀው «አንተ ማን ነህ?» ወይም «ስንት ደጋፊ አለህ?» የሚል አይደለም። የሚጠየቀው «ይህን የሚል የታመነ ጽሑፍ የት አለ?» የሚል ነው። የታመኑ ምንጮች ሲለያዩም ሚዛናዊነት ሁለቱንም ከነባለቤቶቻቸው መጥቀስን ይጠይቃል። ሁለቱ ካልተስማሙ ገለልተኛ ሦስተኛ ሰው ይጠራል፤ ቀጥሎም ሰፊው የአርታኢያን ማኅበር አስተያየት እንዲሰጥ ይጋበዛል። በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ የጀመረው የግልግል ኮሚቴ እንኳ የሚዳኘው የአርታኢያንን ጠባይ እንጂ የትኛው አባባል እውነት እንደሆነ አይደለም።

አሃድ የሌለው ልኬት

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። በእኛ አቆጣጠር 1932 ዓ.ም. ከመስከረም 1939 እስከ መስከረም 1940 እ.ኤ.አ. ያለው ጊዜ ነው፤ ይህም በቀጥታ በወረራው ዘመን ውስጥ ይወድቃል! እንግዲህ «1932» የሚለው ቁጥር ከአማርኛ ሰነድ ወደ ሌላ ቋንቋ ሲሻገር ዘመን አቆጣጠሩን ጥሎ ሄዶ ሊሆን ይችላል። ለተማሪዎቻችን «5» ብሎ መመለስ ሜትር ይሁን ኪሎ ሜትር ካልተገለጸ ዋጋ እንደሌለው ደጋግመን እንነግራቸዋለን። ዘመን አቆጣጠሩ ያልተጠቀሰ ዓመትም እንዲሁ አሃድ የሌለው ልኬት ነው።

ይሁን እንጂ ይህ የእኛ ግምት ነው። መዝገበ ዕውቀቱ አርታኢው ራሱ የደረሰበትን አዲስ ግኝት አይቀበልም፤ ግምታችን ምንም ያህል ቢያረካን ዓመቱን ከነአቆጣጠሩ የሚገልጽ የታተመ ምንጭ እስኪገኝ ድረስ እንደ እውነት ሊጻፍ አይችልም። ለተመራማሪ ይህ መራራ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ማንነቱ የማይታወቅ ሰው በሚጽፍበት ቦታ አንባቢው ሊያረጋግጠው የሚችለው ጸሐፊውን አይደለም፤ ምንጩን ነው።

የፊዚክስ ሊቃውንት ምን አገኙ?

ያኖሽ ከርቴስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2013 በፊዚካል ሪቪው ሌተርስ ባወጡት ጥናት ይህን ሂደት በሒሳብ ሞዴል አሳይተዋል። በሞዴሉ አርታኢውም መጣጥፉም በቁጥር የሚገለጽ አቋም አላቸው። ልዩነታቸው ከአርታኢው የመቻቻል ልክ ከበለጠ መጣጥፉን ወደ ራሱ ይስበዋል፤ ካነሰ ግን እርሱ ወደ መጣጥፉ ይጠጋል። ሰዎቹ ካልተለወጡ፣ በንግግር ብቻ ፈጽሞ የማይግባቡ ወገኖች እንኳ በጋራ ጽሑፋቸው አማካይነት ውሎ አድሮ ይስማማሉ። አሮጌዎቹ እየሄዱ አዳዲሶች ሲተኩ ግን ክርክሩ እንደገና ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ የትናንቱ ስምምነት ለነገ መጤ እንዲቆይ በውይይት ገጹ ላይ ከነምክንያቱ መጻፍ አለበት።

ማጠቃለያ

የአማርኛው ዊኪፔዲያ ፈተና ከጠብ ይልቅ ዝምታ ነው። አርታኢያኑ ጥቂቶች በመሆናቸው በውይይት ገጽ ላይ የተጣለ ጥያቄ መላሽ ሳያገኝ ሊቆይ ይችላል፤ ተቃዋሚ ያላገኘ ስሕተትም እንደ ስምምነት ይቆጠራል። ውድ አንባቢ፣ እርስዎ ስለ አካባቢዎ ግድብ፣ ፋብሪካ ወይም ትምህርት ቤት ሲጽፉ ዓመቱን ከነአቆጣጠሩ፣ አባባሉንም ከነምንጩ ያስቀምጡ። ዛሬ የሚጨምሯት «ዓ.ም.» የምትል አንዲት ምልክት የነገዎቹን ሁለት ተከራካሪዎች ታስታርቅ ይሆናል።