ታሪክ ሩቅ አገር ብቻ አይደለም
ቱሉ ጉዶን ለተማሪዎቻችን እንዴት እናስተምር?

«ታሪካዊ ቦታ ጥቀሱ» ስንባል ሁላችንም የምንደረድረው አክሱምን፣ ላሊበላንና ጎንደርን ነው። መልሱ ልክ ነው። ነገር ግን ነገ ተመርቀን በስምጥ ሸለቆ የገጠር ትምህርት ቤቶች ስንመደብ፣ አክሱምን ያየ ተማሪ ስንት እናገኛለን? ስለዚህ ጎብኚ እምብዛም የማያዘወትረውን፣ ከአርሲ ነገሌ ግን በስተሰሜን 60 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የሚርቀውን የዝዋይን ሐይቅ እንመልከት።

1. የሚታየው። ዝዋይ ወይም ደንበል ከመቂና ከካታር ወንዞች ውሃ ተቀብሎ በቡልቡላ በኩል ወደ አብያታ ይለቃል። በሐይቁ ላይ አምስት ደሴቶች አሉ። ትልቁ ቱሉ ጉዶ ሲሆን ትርጉሙ በኦሮምኛ «ትልቅ ተራራ» ማለት ነው። ከባቱ (ዝዋይ) ከተማ በጀልባ ይኬዳል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሳ በጠዋት መነሣት ይበጃል። በደሴቱ ላይ የደብረ ጽዮን ማርያም ቤተ ክርስቲያንና ጥንታዊ የብራና መጻሕፍት ይገኛሉ። የዛይ ሕዝብ መንደር፣ እርከንና የዓሣ መረብም እዚያው ይታያል።

2. የሚነገረው። በ10ኛው መቶ ዓመት ዮዲት አክሱምን ስታጠፋ፣ ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደዚህ ደሴት እንደሸሹና 70 ዓመት ያህል እንዳቆዩት ይነገራል። ይህ አፈ ታሪክ ነው። አስተማሪ «ይባላል» የምትለዋን ቃል መዋጥ የለበትም። «ተረት ነው» ብሎ መጣልም አይገባም፤ የደሴቱ ሰዎች «እኛ ማነን?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጡት መልስ ነውና።

3. የሚመረመረው። የዛይ ቋንቋ ሴማዊ ነው። የቅርብ ዘመዶቹ ስልጥኛ፣ ወላንኛና ሐረሪኛ ናቸው። ታዲያ የደሴት ሰው ንግግር ከሩቁ ሐረር ጋር እንዴት ተዛመደ? በ16ኛው መቶ ዓመት ጦርነትና የሕዝብ እንቅስቃሴ ዙሪያውን ሲለውጠው፣ ደሴቶቹ መጠጊያ ሆነው ቋንቋውን አቆዩት። ዛሬ ግን ብዙ ዛዮች ወደ ሐይቁ ዳር ወጥተው ኦሮምኛና አማርኛ ይናገራሉ፤ የዛይ ቋንቋ ተናጋሪዎች ጥቂት ሺህ ብቻ ናቸው። ድንጋይ ቢፈርስ ፍርስራሹ ይቀራል፤ ያልተጻፈ ቋንቋ ግን ከመጨረሻው አዛውንት ጋር አብሮ ይቀበራል።

4. የአስተማሪው ሥራ።
ሀ. ተማሪዎችን ከመውሰዱ በፊት ራሱ ሄዶ ይይ፤ የጀልባውንና የቤተ ክርስቲያኑን ፈቃድ ይጨርስ።
ለ. ተማሪዎች ደብተራቸውን በሦስት ይክፈሉ፦ «ያየሁት»፣ «የሰማሁት»፣ «ያመሳከርኩት»። እርከኑ በመጀመሪያው፣ የታቦቱ ታሪክ በሁለተኛው፣ የቋንቋው ዝምድና በሦስተኛው ይገባል።
ሐ. አዛውንት ሲናገሩ አናቋርጥ። ከተቻለ ቃላቸው በራሳቸው ቋንቋ ይጻፍ፤ ትርጉሙ ከጎኑ ይቀመጥ።
መ. ለጉዞ ገንዘብ ከሌለ ትምህርቱ አይቅር። የመንደሩ ሽማግሌ ወደ ክፍል ይጋበዙ፤ ሦስቱ ክፍሎች ለማንኛውም ቀበሌ ያገለግላሉ።

እንግዲህ ባልደረቦቻችን፣ ካርታ ላይ በዱላ እየጠቆሙ አክሱምን ማስተማር ያስፈልጋል። ልጁ ግን ታሪክ የሚባለው ነገር የአያቱም እንደሆነ የሚገባው፣ በአጠገቡ ያለውን ሲጠይቅ ነው። ያንን ጥያቄ በልጁ አፍ ላይ የምናኖረው እኛ ነን፤ የሚመልሱት አዛውንት ሳያልፉ እንድረስ።