ስለ ጡት ዕጢ ልክ
ጥያቄ፦ አልትራሳውንዱ ዕጢዬን 18 ሚሊ ሜትር ሲለው፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የመጣው ውጤት 23 ይላል፤ የትኛውን ልመን? (ከአራዳ)

መልስ፦ እመቤት ሆይ፣ ማሞግራፊ በጨረር፣ አልትራሳውንድም በድምፅ ሞገድ የሚያሳዩት የዕጢውን ጥላ እንጂ ሥጋውን ስላልሆነ፣ ይልቁንም አልትራሳውንድ ልኩን ማሳነስ ስለሚያዘወትር፣ የመጨረሻው ብያኔ በፎርማሊን የጸናውን ሥጋ በማይክሮስኮፕ ለሚመረምረው የፓቶሎጂ ሊቅ ይተዋል፤ እርሱም የሚለካው ወደ አካባቢው ሰርጎ የገባውን ክፍል ብቻ ነው እንጂ ከወተቱ ቦይ ያልወጣውን አይደምርም። ዕጢ በልኩ ሲመደብ የመጀመሪያው መደብ ወሰን 20 ሚሊ ሜትር በመሆኑ ኢምንት የሚመስለው ልዩነት ዕጢዎን ወደ ሁለተኛው አሻግሮታል (ይህን ሳያብራሩ ወረቀት ብቻ ማስጨበጥ ለሐኪም አያስመሰግንም)። ከቀዶው አስቀድሞ ኬሞቴራፒ ለተሰጣት ግን ዕጢው ስለሚሟሽሽ የቀደመው የምስል ልክ መጠበቅ አለበት። ስለዚህ ለቀጣዩ ሕክምና ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሲወርዱ ሁለቱንም ወረቀት ይያዙ።