የተጣፈ ሸሚዝ የለበሱት ሚኒስትር፦ የሙሐመድ ናትሲር ሕይወት

በአገራችን ስለ ኢንዶኔዥያ ጥቂት የሚያውቅ ሰው ቢጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሳው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ከዓለም እጅግ ብዙ ሙስሊም ከሚኖርባቸው አገሮች አንዷ መሆኗን ሲሆን፣ ሁለተኛው ኢትዮጵያም ከ29ኙ ተሳታፊ አገሮች አንዷ የነበረችበትን የ1955ቱን የባንዱንግ ጉባኤ ነው። (ዘመኑ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ከሰዎች ደግሞ ሱካርኖን ያውቃል። ከዚያ አያልፍም። የሱካርኖ ባልደረባም ባላንጣም ሆነው የኖሩትን፣ የኢንዶኔዥያን አንድነት በፓርላማ ያስከበሩትንና ቆይቶ ግን ጫካ የገቡትን ሰው ስም የሰማ ጥቂት ነው። እኚህ ሰው ሙሐመድ ናትሲር ናቸው፤ አላህ ይዘንላቸው።

ናትሲር ሐምሌ 17 ቀን 1908 በምዕራብ ሱማትራ አላሃን ፓንጃንግ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለዱ። አገሩ የሚናንግካባው ሕዝብ አገር ነው። ይህ ሕዝብ በዲን አጥባቂነቱም፣ ወንዶቹ ለትምህርትና ለንግድ ከቀያቸው ርቀው በመሄዳቸውም የታወቀ ነው። ልጁ ቀን ቀን የሆላንዶችን ትምህርት፣ በሌላው ሰዓት ደግሞ ዐረብኛና ቁርኣን እየተማረ አደገ። በ1927 ባንዱንግ ወደሚገኘው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገባ።

እዚያ የሆነው ነገር ሊነገር ይገባዋል። አንድ ሆላንዳዊ መምህር የሸንኮራ አገዳ እርሻና የስኳር ፋብሪካዎች ለጃቫ ሕዝብ ምን እንዳደረጉለት አጥንቶ እንዲያቀርብ አዘዙት። መምህሩ የጠበቁት ምስጋና ሳይሆን አይቀርም። ተማሪው ግን ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ቁጥሩን አገላብጦ ሲወጣ፣ ትርፉን የወሰዱት ባለ ካፒታሎቹና ከእነርሱ ጋር የተስማሙት ባላባቶች መሆናቸውን፣ መሬቱን ያከራየው ገበሬ ግን ምንም አለማግኘቱን በሆላንድ ቋንቋ በክፍሉ ፊት አነበበ። የቅኝ ገዢውን ቋንቋ ጠንቅቆ መማር ለምን እንደሚጠቅም ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ትምህርቱን በ1930 ሲጨርስ ሕግ ለማጥናት የሚያስችል ነፃ የትምህርት ዕድል ተሰጠው። በዚያ ዘመን ይህ ማለት ጥሩ ደመወዝ፣ ቤትና ማዕረግ ማለት ነበር። ናትሲር አልፈልግም አለ። በዚህ ፈንታ ከባንዱንጉ ዓሊም ከአሕመድ ሐሰን እግር ሥር ተቀምጦ ዲኑን መማር መረጠ። በ1932ም ዘመናዊውንና የዲኑን ትምህርት አንድ ላይ የሚሰጥ ትምህርት ቤት ከፈተ። የቀለም ትምህርት የተማረው ልጅ ዲኑን እንዳያጣ፣ ዲን የተማረውም ልጅ ከዓለሙ እንዳይቀር የሚለው ጭንቀት የእኛም ወላጆች ጭንቀት ስለሆነ ማብራሪያ አያሻውም።

ከሱካርኖ ጋር የነበራቸው ታላቅ ክርክር የተጧጧፈው በ1940 ነው። ሱካርኖ በግዞት ሳሉ ሜዳን ላይ በሚታተም ‹ፓንጂ ኢስላም› በተባለ መጽሔት ላይ የቱርኩን ከማል አታቱርክን እያወደሱ፣ ሃይማኖትና መንግሥት ቢለያዩ ለሃይማኖቱም እንደሚበጅ ጻፉ። ናትሲር በብዕር ስም መለሱ። የመልሳቸው ጭብጥ ይህ ነው፦ የበሰበሱ ሱልጣኖች በኢስላም ስም ስለገዙ ጥፋታቸው የኢስላም ጥፋት አይሆንም፤ መንግሥት ደግሞ ራሱ ግብ ሳይሆን የአላህ ሕግ በሰዎች ሕይወት ውስጥ እንዲሠራ የሚያገለግል መሣሪያ ነው። በዚህ ሁሉ ክርክር ውስጥ ግን የአገር ነፃነት ለውይይት አልቀረበም። ሁለቱም የሆላንድን አገዛዝ አይፈልጉም፤ የተጣሉት ከነፃነት በኋላ ስለሚመጣው ቤት ነው።

ነሐሴ 17 ቀን 1945 ነፃነት ታወጀ። ናትሲር በ1946 መጀመሪያ የማስታወቂያ ሚኒስትር ሆኑ፤ ያ ሁሉ ብዕር የተማዘዙባቸው ሱካርኖም ይወዷቸው ነበር። አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ጆርጅ ካሂን በ1948 ዮግያካርታ ላይ አግኝተዋቸው የጻፉት አለ። ሚኒስትሩ የለበሱት ሸሚዝ የተጣፈ ነበር፤ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞችም አለቃቸው ሚኒስትር እንዲመስሉ ገንዘብ አዋጥተው ሸሚዝ ሊገዙላቸው ነበር። ጦርነት ላይ ያለ መንግሥት ድሃ ነው፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን በዚያው ድሃ መንግሥት ውስጥ ሌላ ሚኒስትር የተጣፈ ሸሚዝ ለብሶ እንደነበር ካሂን አልጻፉም።

አሁን ወደ ትልቁ ሥራቸው እንምጣ። ሆላንድ በታኅሣሥ 1949 ሥልጣን ስታስረክብ ያስረከበችው ለአንድ አገር ሳይሆን ለፌዴሬሽን ነበር። ነፃነቱን የታገለችው ሪፐብሊክ ሆላንድ ራሷ ካቋቋመቻቸው ግዛቶች ጋር ተደርድራ ከአሥራ ስድስቱ አንዷ ብቻ ሆነች። ሕዝቡ ይህን ከፋፍሎ የመግዛት ቅሪት አድርጎ ስላየው በየቦታው ሁከት ተነሣ። አንዱን ግዛት አፍርሶ ለሌላው ማጠቃለል ደግሞ ሌላ ቂም ይወልዳል። የማሹሚ ፓርቲ መሪ የነበሩት ናትሲር ከየፓርቲው መሪዎች ጋር፣ ከግራ እስከ ቀኝ፣ አንድ በአንድ ተነጋገሩ። ሚያዝያ 3 ቀን 1950 ለፓርላማው ያቀረቡት የውሳኔ ሐሳብ ሁሉም ግዛቶች፣ ሪፐብሊኳም ጭምር፣ ማንም አሸናፊ ማንም ተሸናፊ ሳይባል በአንድ ላይ አንድ አገር እንዲሆኑ የሚጠይቅ ነበር። ፓርላማው ተቀበለው። ነሐሴ 17 ቀን 1950 ኢንዶኔዥያ አሃዳዊት ሪፐብሊክ ሆነች፤ በመስከረም ወር ናትሲር ጠቅላይ ሚኒስትር ተባሉ። በዚያው ወር አገሪቱ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት 60ኛ አባል ሆነች።

ሥልጣኑ ግን ሰባት ወር ያህል እንኳ በቅጡ አልቆየም። በምዕራብ ኢሪያን ጉዳይ ከሱካርኖ ጋር ተቃቃሩ፣ በፓርላማም ድጋፍ አጡ። በመጋቢት 1951 ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በዚያ ቀን የመንግሥቱን መኪና መልሰው ከሾፌራቸው ጋር በብስክሌት ወደ ቤታቸው እንደሄዱ ይተረካል።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ለሙስሊም አንባቢ ልብ የሚነካ ነው። በ1952 የዑለማዎቹ ድርጅት ነህደቱል ዑለማ ከማሹሚ ተለይቶ ራሱን የቻለ ፓርቲ ሆነ። ከጠቡ መነሻዎች አንዱ የሃይማኖት ሚኒስቴር ወንበር ለማን ይሰጥ የሚል ነበር። በ1955ቱ ምርጫ ማሹሚ 20.9 በመቶ፣ ነህደቱል ዑለማ 18.4 በመቶ አገኙ። የሱካርኖ ደጋፊዎች የነበሩት ብሔርተኞች 22.3 በመቶ አግኝተው አንደኛ ሆኑ፤ ኮሚኒስቶቹ በ16.4 በመቶ አራተኛ ወጡ። ድምሩን አንባቢ ራሱ ይሥራው። ስለ አንድ ወንበር የተጣላ ቤት ስንት ወንበር እንዳጣ በዚያ ድምር ውስጥ ይገኛል።

በኅዳር 1957 ናትሲር በሕገ መንግሥት አርቃቂው ጉባኤ ፊት ቆመው ኢስላም የመንግሥቱ መሠረት እንዲሆን ተከራከሩ። ተቺዎቻቸው፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ፓንቻሲላ ከቁርኣን ትምህርት ጋር አይጋጭም ብለው ሲያስተምሩ የነበሩት እርሳቸው አይደሉምን? ይሏቸዋል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ቢሆንም ያቀረቡት በጉባኤ፣ በንግግርና በድምፅ ነበር። ከኮሚኒስቱ መሪ ከአይዲት ጋር በመድረክ ላይ ክፉኛ ተነጋግረው ሲወርዱ ቡና አብረው ይጠጡ እንደነበር ይነገራል። ጉባኤው ግን አንዱም ወገን ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሳያገኝ ቀረ፤ ሱካርኖም ሐምሌ 5 ቀን 1959 በአዋጅ በተኑት።

ናትሲር ይህ ሲሆን ጃካርታ አልነበሩም። በ1957 መጨረሻ በሱካርኖ ላይ የግድያ ሙከራ ከተደረገ በኋላ የማሹሚ መሪዎች ማስፈራሪያ ስለበዛባቸው ወደ ሱማትራ ሄዱ። በየካቲት 1958 ደግሞ ከመንግሥት ጋር የተጣሉ የክፍለ ሀገር የጦር መኮንኖች ያቋቋሙትን ተቃዋሚ መንግሥት ተቀላቀሉ። ዓላማችን መገንጠል አይደለም፣ የጠራ ማዕከላዊ መንግሥት ነው ይሉ ነበር። ነገሩ ግን የአሜሪካ የስለላ ድርጅት በስውር የረዳው ዐመፅ ነበር። በእኔ አስተያየት ይህ የሕይወታቸው ከባድ ስሕተት ነው። ማስፈራሪያው እውነት ነበር፣ የሱካርኖም አካሄድ ወደ አምባገነንነት ነበር፤ ይሁን እንጂ አንድነትን በንግግር ያስገኘ ሰው ጠመንጃ ካነሡት ጋር ሲቆም ለጠላቶቹ የሚፈልጉትን ሰጣቸው። ማሹሚ በ1960 ታገደ። ናትሲር በ1961 እጃቸውን ሰጡ፣ እስከ 1966ም ታሰሩ።

ሱካርኖ ወድቀው ሱሃርቶ ሲመጡ ማሹሚ ይመለሳል ተብሎ ተጠብቆ ነበር። አልተፈቀደም። ናትሲር የፖለቲካው በር ሲዘጋባቸው በየካቲት 1967 የኢንዶኔዥያ የዳዕዋ ምክር ቤትን መሠረቱ። ዱዓቶችን ወደ ሩቅ ደሴቶች ላኩ፣ ወጣቶችን ለትምህርት ወደ ዐረብ አገሮች አሰናዱ። በ1980 ለኢስላም አገልግሎት የሚሰጠውን የንጉሥ ፈይሰል ሽልማት ከህንዱ ዓሊም ከአቡል ሐሰን ዓሊ ነድዊ ጋር ተሸለሙ።

በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ሱሃርቶ ፓንቻሲላን ተቃዋሚን ለመምቻ መሣሪያ አደረጉት የሚል አቤቱታ በሃምሳ ታዋቂ ሰዎች ተፈርሞ ወጣ። ናትሲር ከፈራሚዎቹ አንዱ ነበሩ። ከጎናቸው የፈረሙትን ስም ሲያዩ ጄኔራል ናሱቲዮንን ያገኛሉ፤ በ1958 የሱማትራውን ዐመፅ ሲደመስስ የነበረው ጦር ኤታማዦር ሹም ማለት ነው! ፈራሚዎቹ ከአገር እንዳይወጡ ተከለከሉ፣ ጋዜጦችም ስለ እነርሱ እንዳይጽፉ ታዘዙ።

ናትሲር የካቲት 6 ቀን 1993 በ84 ዓመታቸው ጃካርታ ላይ ሲያርፉ እገዳው አልተነሣላቸውም ነበር። ሱሃርቶ በ1998 ከሥልጣን ወረዱ። የኢንዶኔዥያ መንግሥት በኅዳር 2008 ለሙሐመድ ናትሲር የብሔራዊ ጀግና ማዕረግ ሰጠ፤ ከሞቱ አሥራ አምስት ዓመት፣ ከዚያ የፓርላማ ንግግራቸው ደግሞ ሃምሳ ስምንት ዓመት አልፎ ነበር።