ጋምቤላ ላይ የጂፕሰም ኮርኒስ ከማሠራትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ለስላሳ ኮርኒስ የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚያፈላልገው ጎበዝ ስቱኮ ቀቢ ነው። ጋምቤላ ላይ ግን ከቀቢው በፊት ቆርቆሮውን፣ እንጨቱንና ወሩን ይዩ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ባሮ ዳር ያለች ቆላ ናት፤ በበጋው መጨረሻ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ይደርሳል፣ ዝናቡ ደግሞ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ነው። አዲስ አበባ ላይ የሚያዛልቅ አሠራር እዚህ ላያዛልቅ ይችላል።

ጣሪያው ያፈሳል? ቦርዱ ከመሰቀሉ በፊት አንድ ከባድ ዝናብ ይለፍበትና ከውስጥ ሆነው ይመልከቱት። ጂፕሰም ውሃ ሲጠጣ በራሱ ክብደት ይረግባል። ቡናማው እድፍም በፕላስቲክ ቀለም ላይ ደጋግሞ ይወጣል፤ አፍኖ የሚይዘው የዘይት ቀለም ነው። የክዳኑ ጠርዝ ክፍት ከሆነ የሌሊት ወፍ እንዳይገባ በወንፊት ሽቦ ያስዘጉ።

ቦርዱን የሚሸከመው ምንድን ነው? 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ 1.2 በ2.4 ሜትር የሆነ አንድ ቦርድ 25 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሞራሌው እርጥብ ባሕር ዛፍ ከሆነ ከቆርቆሮው ሥር ባለው ሙቀት ሲደርቅ ይጣመማል፤ ቦርዱንም ይዞት ይሄዳል፣ መገጣጠሚያውም ይሰነጠቃል። ምስጥም አለ፤ እንጨቱን ብቻ ሳይሆን የቦርዱን ወረቀት ጭምር ይበላል። አቅም ከፈቀደ በእኔ እምነት የብረት ፍሬም ይሻላል። እንጨትም ሆነ ብረት፣ በመካከሉ ያለው ርቀት ከ40 ሳንቲ ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው። ቦርድ ሳይመታ ሲባጎ ከግድግዳ ግድግዳ ወጥረው ፍሬሙ የት እንደወረደ፣ የት እንደወጣ ያሳዩኝ ይበሉ። «እሱን በስቱኮ እናስተካክለዋለን» ካሉዎት ሥራውን ያስቁሙ። ስቱኮ የሚሸፍነው ሚሊ ሜትር ነው።

የጣሪያ ማራገቢያ የሌለበት ቤት እዚህ ያስቸግራል። መንጠቆው ግን ከቦርዱ ላይ ሳይሆን ከዋናው እንጨት ወይም ብረት ላይ ይታሰር፤ ቦታውም ቦርዱ ከመዘጋቱ በፊት ይወሰን። ከቦርዱ ጋር የተያያዘ ማራገቢያ በንዝረቱ ዙሪያውን ይሰነጥቃል፤ ሊወድቅም ይችላል።

መገጣጠሚያው ላይ አይቸኩሉ። የብሎኑ ራስ ወረቀቱን ሳይቀድ ጥቂት ብቻ ይግባ፤ ከቀደደ ያ ብሎን አይዝም፣ አጠገቡ ሌላ ይመታ። የቦርዶቹ ጫፎች በአንድ መስመር ከመግጠም ይልቅ ይፈራረቁ። ከዚያ ቴፕ፣ ከዚያ በውሃ የተበጠበጠ የጂፕሰም ዱቄት ቢያንስ ሦስት ዙር፤ እያንዳንዱ ዙር ከቀድሞው ሰፍቶ፣ የመጨረሻው እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ቢዘረጋ እብጠቱ ለዓይን ይጠፋል። በየመሃሉ በደንብ ይድረቅ። የጂፕሰም ዱቄት በባልዲ ውስጥ ቶሎ ይጠነክራል፤ ባልዲው ላይ የቀረ ደረቅ ቅሪት ደግሞ ያፈጥነዋል። ስለዚህ በትንሽ በትንሹ ይበጠበጥ፣ ባልዲውም ይታጠብ። መጠንከር የጀመረውን ውሃ ጨምሮ ማለዘብ የተለመደ ቢሆንም አይፍቀዱ፤ ሲደርቅ ዱቄት ሆኖ ይረግፋል።

ቦርዱ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ከሆነ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጭኖ ነው የሚደርስዎት። ማዕዘኑ የተሰበረውንና እርጥበት የነካውን ሳያራግፉ ይመልሱ፤ የተረከቡትንም ከመሬት ከፍ አድርገው አጋድመው ያስቀምጡ። ለሥራው ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይመረጣል፦ ዝናቡ ቆሟል፣ ከባዱ ሙቀትም ገና ነው።

ለሦስቱ ዙር የሚሆን ጊዜና ገንዘብ ከሌለዎት፣ ወይም ጣሪያውን ካልተማመኑበት፣ ፒቪሲ ወይም መገጣጠሚያው በሊስቴሎ የሚሸፈን ቺፕውድ ያሠሩ። ጂፕሰሙን ከመረጡ ደግሞ ቀለም ሳይነካው ማታ መብራቱን አጥፍተው ባትሪ ከኮርኒሱ ጋር አስጠግተው በአግድም ያብሩ። ጥላ የጣለውን እብጠትና ጉድጓድ ሁሉ በእርሳስ ያክብቡ፤ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ሲስተካከል እንደገና ያብሩ። ቀለሙ የማያንጸባርቅ ይሁን። የመጨረሻውን ክፍያም ከዚህ ፍተሻ በኋላ እንደሚከፍሉ ከሠራተኛው ጋር ገና ሥራው ሳይጀመር ይስማሙ።