የሁለት ደቂቃ ጨለማ ፍለጋ፦ ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽና የአርክቲክ መርከቦች

የዐድዋ ድል ከተገኘ አምስት ወራት ካለፉ በኋላ፣ ነሐሴ 4 ቀን 1888 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 9 ቀን 1896) ማለዳ ላይ፣ በኖርዌይ ሰሜናዊ ምሥራቅ ጫፍ በምትገኘው በቫድሶ ከተማና በአካባቢዋ ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ የሥነ ፈለክ ሊቃውንትና ተጓዦች ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረው ቆመው ነበር። የእንግሊዝ የሥነ ፈለክ ማኅበር አባላት «ኖርስ ኪንግ» በተባለች መርከብ የአርክቲክን ክበብ ተሻግረው መጥተዋል። ዝነኛው ኖርማን ሎኪየርም እዚያው በቫራንገር ፊዮርድ በእንግሊዝ የጦር መርከብ መርከበኞች እየታገዘ መሣሪያዎቹን ተክሏል። ለወራት የተደከመበት ዝግጅት የሚፈተነው ሁለት ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ነበር። ጊዜው ደረሰ፤ ሰማዩ ግን በደመና እንደተሸፈነ ቆየ። ጨለመ፣ ተመልሶም ነጋ፤ ግርዶሹ አልታየም።

በዚያኑ ዕለት ከቫድሶ ወደ ምሥራቅ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በምትገኘው በኖቫያ ዜምሊያ ምድር ግን ዕድል ሌላ ነበር። ሰር ጆርጅ ቤደን-ፓወል (የስካውት እንቅስቃሴ መሥራች ወንድም ነው) «ኦታሪያ» በተባለች የግል መርከቡ ጥቂት ሊቃውንትን አሳፍሮ ወደዚያ ወስዶ ነበር። ከእነርሱ አንዱ ዊልያም ሻክልተን ይባላል፤ በኋላ በደቡብ ዋልታ ጉዞ ስሙ ከገነነው ከኧርነስት ሻክልተን ጋር አንባቢያን እንዳያምታቱት እናሳስባለን። ይህ ሰው ጨረቃ ፀሐይን ሙሉ በሙሉ በሸፈነችበት ቅጽበት የካሜራውን መዝጊያ ከፈተ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም በፎቶግራፍ ያላስቀረውን ነገርም አስቀረ።

ያስቀረው ምን ነበር? የፀሐይ ብርሃን በፕሪዝም ሲበተን በቀለማቱ መካከል ብዙ ጥቃቅን ጥቁር መስመሮች ይታያሉ፤ የፍራውንሆፈር መስመሮች የሚባሉት ናቸው። እነዚህን መስመሮች የሚፈጥረው ከፀሐይ ብሩህ ገጽ በላይ ያለው ቀዝቀዝ ያለ የጋዝ ሽፋን የራሱን ቀለማት ከብርሃኑ ውስጥ ስለሚመጥ ነው የሚል እምነት ነበር። እምነቱ ትክክል ከሆነ፣ ጨረቃ ብሩሁን ገጽ ሸፍና ያንን ስስ ሽፋን ብቻ በምታስቀርበት ቅጽበት ጥቁሮቹ መስመሮች ወደ ብሩህነት መለወጥ አለባቸው። አሜሪካዊው ቻርልስ ያንግ እ.ኤ.አ. በ1870 ስፔን ውስጥ ይህንኑ ለውጥ በዓይኑ አይቷል። ነገር ግን ክስተቱ የሚቆየው ጥቂት ሰከንዶች ብቻ ስለሆነ ለማስረጃ የሚቀርብ ምስል አልነበረም። ምስሉ የተገኘው ከ26 ዓመታት በኋላ፣ መርከብ ወደ ኖቫያ ዜምሊያ ስለሄደ ነው። «ኦታሪያ» በመልስ ጉዞዋ ሃመርፌስት ወደብ ላይ፣ ከሦስት ዓመት የዋልታ ጉዞ የተመለሰውን ፍሪትዮፍ ናንሰንን በእንግድነት መቀበሏንም እግረ መንገዳችንን እንጠቅሳለን።

ዛሬ ወደ አርክቲክ ግርዶሽ ለማየት የሚጓዙት አብዛኞቹ ሊቃውንት ሳይሆኑ አገር ጎብኚዎች ናቸው። የሚገጥማቸው የፊዚክስ ችግር ግን የሻክልተንና የሎኪየር ችግር ነው፤ ይህ ጽሑፍም የሚያተኩረው በዚያ ላይ ነው።

ዘጠና ሰባት በመቶ ለምን አይበቃም?

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ማለዳ በላሊበላና በሌሎች የአገራችን ክፍሎች የታየውን ቀለበታዊ ግርዶሽ ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ያን ዕለት ጨረቃ ከፀሐይ ገጽ 97 በመቶ ያህሉን ሸፍና ነበር። «ይህን ያህል ካየን እስከ ዋልታ መሄድ ለምን ያስፈልጋል?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው።

መልሱ በሒሳብ ይገኛል። ፀሐይን የከበበው ነጭ አክሊል፣ ማለትም ኮሮና፣ ብርሃኑ ከፀሐይ ገጽ ብርሃን አንድ ሚሊዮንኛ ያህል ነው። (የበሽታው ቫይረስ ስሙን ያገኘው ቅርጹ ይህንን አክሊል ስለሚመስል እንጂ ሌላ ዝምድና የላቸውም።) ከፀሐይ ገጽ 3 በመቶ ሳይሸፈን ከቀረ፣ የቀረው ብርሃን ከኮሮናው 30,000 ጊዜ ይበልጣል። ስለዚህ ኮሮናው አይታይም፤ ያለ መከላከያ መነጽር መመልከትም ዓይንን ይጎዳል። በ97 በመቶና በ100 በመቶ መካከል ያለው ልዩነት የመጠን ብቻ ሳይሆን የዓይነት ልዩነት ነው ማለት ይቻላል።

ሙሉ ግርዶሽ የሚገኘው በጠባብ ኅዳግ ነው። የፀሐይ ዲያሜትር ከጨረቃው 400 ጊዜ ያህል ሲበልጥ፣ ርቀቷ ደግሞ በአማካይ 389 ጊዜ ያህል ይበልጣል። የጨረቃ ዋና ጥላ ርዝመት በአማካይ 374,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ጨረቃ ከምድር ማዕከል ያላት አማካይ ርቀት 384,400 ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ ጥላው በአማካይ ምድርን አይደርስም። የሚደርሰው ጨረቃ በሞላላ ምሕዋሯ ወደ ምድር ስትቀርብ ብቻ ነው፤ ሲደርስም የሚነካው ስፋቱ መቶ ወይም ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር የሆነ መንገድ ነው። ከዚያ መንገድ የወጣ ሰው ምንም ያህል ቢቀርብ ከፊል ግርዶሽ ብቻ ነው የሚያየው።

የሰሜኑ ጨለማ ለምን ያጥራል?

ሙሉ ግርዶሽ በምድር ላይ እስከ 7 ደቂቃ ከግማሽ ሊቆይ ይችላል፤ ይህ ግን በምድር ወገብ አካባቢ ነው። በአርክቲክ ከሁለት ደቂቃ ብዙም አይዘልም። ሐምሌ 25 ቀን 2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2008) ከሰሜን ካናዳ ተነሥቶ በግሪንላንድ ጫፍና በአርክቲክ ባሕር አልፎ ወደ ሳይቤርያ የወረደው ግርዶሽ ረጅሙ ጊዜው 2 ደቂቃ ከ27 ሰከንድ ነበር።

ምክንያቱ ከሁለት ነገሮች የሚመነጭ ነው። አንደኛው የምድር ክብነት ነው። ፀሐይና ጨረቃ ከአናቱ በላይ የሆኑለት ሰው፣ ከምድር ማዕከል ይልቅ በ6,378 ኪሎ ሜትር ለጨረቃ ይቀርባል። ፀሐይ ከአድማስ በላይ h ዲግሪ ብቻ ከሆነች ግን ይህ ጥቅም በሳይን h ይባዛል። ለ25 ዲግሪ 2,700 ኪሎ ሜትር፣ ለ11 ዲግሪ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይቀራል። በሩቅ ያለች ጨረቃ አነስ ብላ ስለምትታይ ፀሐይን ሸፍና የምትቆየው ለአጭር ጊዜ ነው። ሁለተኛው የምድር ሽክርክሪት ነው። የጨረቃ ጥላ በሰዓት 3,400 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ይገሰግሳል። የምድር ወገብ ሰው በሰዓት 1,670 ኪሎ ሜትር በዚያው አቅጣጫ እየተጓዘ ጥላውን በከፊል ይከተለዋል፤ በ70 ዲግሪ ኬክሮስ ያለ ሰው ግን በሰዓት 570 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሚሄድ ጥላው ቶሎ ጥሎት ያልፋል።

ጽኑ መሬት ወይስ ተንቀሳቃሽ መርከብ?

እንግዲህ ሁለት ደቂቃ ብቻ የተሰጠው ተመልካች የት ይቁም? የ1896ቱ ሊቃውንት ያለ ማመንታት መሬትን መርጠው ነበር፤ መርከብ ለእነርሱ መጓጓዣ ብቻ ነበረች። ለምን እንደሆነ እናስላ። አንዲት መርከብ በ10 ሰከንድ አንድ ጊዜ፣ 1 ዲግሪ ወደ ግራ 1 ዲግሪ ወደ ቀኝ ትወዛወዛለች እንበል፤ ይህ ለክፍት ባሕር በጣም ጸጥ ያለ ቀን ነው። በመካከለኛው ነጥብ ላይ የመዞር ፍጥነቷ 2π ሲካፈል ለ10፣ ማለትም በሰከንድ 0.63 ዲግሪ ይሆናል። የፀሐይ ስፋት በሰማይ ላይ ግማሽ ዲግሪ ያህል ነው። ስለዚህ ካሜራ ለ1 ሰከንድ ቢከፈት ምስሉ ከፀሐይዋ ሙሉ ስፋት በላይ ይንሸራተታል፤ ኮሮናው ወደ ጭጋግ ይለወጣል። በዘመናዊ ካሜራ ለአንድ መቶኛ ሰከንድ ብቻ ቢከፈት ግን መንሸራተቱ ከፀሐይ ስፋት አንድ ሰማንያኛ ይሆናል፤ ይህ የሚያስከፋ አይደለም። የሻክልተን ዘመን የፎቶግራፍ መስታወቶች ዝግተኞች ስለነበሩ እንዲህ ያለ ምርጫ አልነበረም።

መሬት የሚሰጠው ጽናት ግን በደመና ፊት ዋጋ የለውም። መጋቢት 11 ቀን 2007 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 20 ቀን 2015) በፋሮ ደሴቶችና በስቫልባርድ የታየው ግርዶሽ የቫድሶን ታሪክ ደግሞታል። በፋሮ ዋና ከተማ በቶርስሃውን ደመና ፀሐይን ሲጋርድ፣ ስቫልባርድ ላይ በሎንግየርቢየን ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። (ስቫልባርድም ያለ አደጋ አልነበረችም፤ ግርዶሹ ሊታይ አንድ ቀን ሲቀረው ድንኳን ውስጥ የተኛ አንድ ቼካዊ ጎብኚ በዋልታ ድብ ተጠቅቶ ቆስሏል።)

መርከብ ከደመና መሸሽ ትችላለች። ነገር ግን ወዴት? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በሎንግየርቢየን ፀሐይ ከአድማስ በላይ 11 ዲግሪ ያህል ብቻ ነበረች። ደመናው 2 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ቢሆን፣ ከዓይናችን ወደ ፀሐይ የሚሄደው መስመር የደመናውን ከፍታ የሚያቋርጠው 2 ሲካፈል ለታንጀንት 11 ዲግሪ፣ ማለትም 10 ኪሎ ሜትር ርቆ ነው። ስለዚህ ከአናታችን በላይ ያለው ደመና አይመለከተንም፤ የሚመለከተን በፀሐይ አቅጣጫ 10 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለው ነው። ከራሱ በላይ ሰማያዊ ቀዳዳ አይቶ መልሕቅ የሚጥል ካፒቴን ፀሐይን ላያገኝ ይችላል። ከዚህም በላይ እንዲህ በጎን ሲታዩ የተበታተኑ ደመናዎች እንኳ ተደራርበው አንድ ግድግዳ ይመስላሉ። በ12 ኖት የምትጓዝ መርከብ በአንድ ሰዓት 22 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች፤ ስለዚህ ውሳኔው ግርዶሹ ከመድረሱ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት አስቀድሞ፣ በሳተላይት ምስል ታግዞ መወሰድ አለበት። ከዚያ በኋላ ማረም አይቻልም።

ጽናትንና መንቀሳቀስን ባንድነት የሚሰጥ ቦታ ፊዮርድ ነው፤ ይኸውም በበረዶ ግግር ተቆፍሮ ወደ የብስ የገባ ጠባብና ጥልቅ የባሕር ሰርጥ ነው። ለነሐሴ 6 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 12 ቀን 2026) ግርዶሽ የጉዞ ድርጅቶች በምሥራቅ ግሪንላንድ የሚገኘውን ስኮርስቢ ሰንድን የመረጡት በዚህ ምክንያት ነው። የጥላው መንገድ በስሌት እንደተቀመጠው ከሰሜን ሳይቤርያ ተነሥቶ፣ በሰሜን ዋልታ አቅራቢያ አልፎ፣ በግሪንላንድና በአይስላንድ በኩል ወደ ስፔን ይወርዳል፤ ረጅሙ ጊዜ 2 ደቂቃ ከ18 ሰከንድ ነው። ስኮርስቢ ሰንድ ከዓለም ፊዮርዶች ሁሉ ሰፊው ሲሆን፣ ረጅሙ ክንፉ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ከባሕር በረዶ ነጻ የሚሆነው በዓመት ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው፤ ነሐሴ ከእነዚያ መካከል ናት።

የፊዮርዱ ጥቅም የውኃው ጸጥታ ብቻ አይደለም። በአፉ ላይ ለብ ያለ እርጥብ አየር ከቀዝቃዛው የምሥራቅ ግሪንላንድ ጅረት ጋር ሲገናኝ ጉም ይፈጠራል። በውስጠኛው ክፍል ግን ከግሪንላንድ የበረዶ አምባ ቁልቁል የሚወርድ ደረቅ አየር አለ፤ አየሩ ሲወርድ ስለሚታመቅ በየ100 ሜትሩ 1 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይሞቃል፣ ደመናውም ይተናል። በአንጻሩ ተራሮቹ ራሳቸው ጋራጅ ይሆናሉ። ፀሐይ በ25 ዲግሪ ከፍታ ላይ ስትሆን፣ 1,500 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ እስከ 3.2 ኪሎ ሜትር ድረስ ጥላውን ይጥላል። ስለዚህ መርከቧ ከፀሐይ በኩል ካለው ዳርቻ ከዚህ በላይ መራቅ ይኖርባታል። ይህን ሳያሰላ የቆመ ሰው ግርዶሹ ሳይደርስ ፀሐይን በተራራ ይነጠቃል።

አንድ ቤተሰብ ምድርን ሲለቅ

የ2008ቱና የ2026ቱ ግርዶሾች (እ.ኤ.አ.) ሁለቱም በነሐሴ ዳርቻ፣ ሁለቱም በአርክቲክ የሆኑት በአጋጣሚ አይደለም። ከ223 የጨረቃ ወራት፣ ማለትም ከ18 ዓመት ከ11 ቀን ከ8 ሰዓት ገደማ በኋላ ፀሐይ፣ ጨረቃና ምድር ወደ ተመሳሳይ አቀማመጥ ይመለሳሉ፤ ይህ ዑደት ሳሮስ ይባላል። ትርፉ 8 ሰዓት ምድር ሲሶ ዙር እንድትዞር ስለሚያደርግ፣ ቀጣዩ ጥላ ወደ ምዕራብ ሄዶ ያርፋል። ሁለቱ ግርዶሾች የ126ኛው ሳሮስ አባላት ናቸው።

ነገር ግን ዑደቱ ፍጹም አይደለም። ጨረቃ ወደ ምሕዋሯ መቁረጫ ነጥብ የምትመለስበት ጊዜ ከዑደቱ ጋር በአንድ ሰዓት ገደማ ይለያያል፤ በዚህም ምክንያት የጥላው ማዕከላዊ መስመር በየጊዜው ወደ ሰሜን ይገፋል። የዚህ ቤተሰብ የመጀመሪያው ሙሉ ግርዶሽ እ.ኤ.አ. በ1882 አፍሪካን አቋርጦ በዓባይ ዳርቻ በግብፅ ታይቷል፤ ቫድሶ ላይ ደመና የጋረደው ሎኪየር ያን ጊዜ እዚያ ነበር፣ በኮሮናው አጠገብም ጅራታም ኮከብ በፎቶግራፍ ተይዟል። ከዚያ በኋላ መንገዱ ደረጃ በደረጃ ወደ ዋልታው ወጣ። በ2008 የጥላው መስመር ከምድር ማዕከል በስተሰሜን 5,300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሲያልፍ፣ ለ2026 ርቀቱ 5,730 ነው፤ ለኦገስት 23 ቀን 2044 ደግሞ 6,130 ይሆናል። የምድር ራዲየስ 6,378 መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። የ2044ቱ ግርዶሽ በግሪንላንድና በሰሜን ካናዳ የሚታይ ሲሆን ከዚህ ቤተሰብ አሥረኛውና የመጨረሻው ሙሉ ግርዶሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2062 ዋናው ጥላ ከዋልታው በላይ በሕዋ ውስጥ ምድርን ሳይነካ ያልፋል፤ በዚያ ዓመት በአርክቲክ የሚጓዝ መርከብ ከዚህ ቤተሰብ የሚያገኘው ከፊል ግርዶሽ ብቻ ነው።