ፍጥሞ ለምትሄደው ልጄ

ልጄ፣ ወደ ፍጥሞ ደሴት ልትሄድ መነሳትህን ሰማሁ። ደስ ብሎኛል። አንተ ግን እግርህ ፈጣን ነው፤ ዓይንህ ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ እነዚህን ያዝልኝ።

1. ሳታድር አትመለስ። ደሴቲቱ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም፤ ከአቴንስ ወደብ ከፒሬየስ በመርከብ ሰባት ስምንት ሰዓት ያስኬዳል። ስፋቷ 34 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ «በግማሽ ቀን እጨርሳታለሁ» ትል ይሆናል። በሽርሽር መርከብ የሚመጡትም እንዲሁ ብለው ነው ተጋፍተው፣ ፎቶ አንስተው የሚሮጡት። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል። ደሴቲቱን የምታገኛት እነሱ ሲሄዱ ነው።

2. ከመሄድህ በፊት ራእየ ዮሐንስን አንብብ። ምዕራፍ 1 ላይ ፍጥሞ በስሟ ተጠርታለች። ሳያነብ የሄደ ዋሻ አይቶ ይመለሳል፤ ዋሻ ደግሞ በአገርህም ሞልቷል።

3. ከስካላ ወደብ ዳገቱን በእግርህ ውጣ። በታክሲ የወጣ ሰው ከታች ባሕሩ እንዴት እየሰፋ እንደሚሄድ አያይም። ዮሐንስ ራእዩን አየበት የሚባለው ዋሻ መንገዱ እኩሌታ ላይ ነው። ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ነውና ትከሻህንና ጉልበትህን ሸፍን፣ ስልክህንም ዝጋ። ቀና ስትል ጣሪያው ሦስት ቦታ ተሰንጥቋል፤ የእግዚአብሔር ድምፅ በዚያ መጣ፣ ሦስትነቱም የሥላሴ ምልክት ነው ይላሉ። ግድግዳው ላይ ዙሪያውን ብር የተለበጠ ጎድጓዳ ታያለህ፤ ሐዋርያው ራሱን ያሳርፍበት ነበር ይባላል። ሰው እየጠበቀህ ቢሆንም እዚያ ትንሽ ተቀመጥ። ቆሞ የሚያይ ሰው ሁለቱንም ሳያስተውል ሲወጣ ስንቴ አይቻለሁ!

4. ከዋሻው በላይ ያለው የዮሐንስ ገዳም ጋ በጧት ድረስ፤ ቀትር ላይ ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በ1088 ክሪስቶዱሎስ የተባለ መነኩሴ ደሴቲቱን ከቢዛንታይኑ ንጉሠ ነገሥት ከቀዳማዊ አሌክሲዮስ ተቀብሎ መሠረተው። ከሩቅ ምሽግ ቢመስልህ አልተሳሳትክም፤ ግንቡ እንዲያ የወፈረው በባሕር ወንበዴ ፍርሃት ነው። የሆራ መንደር ነጫጭ ቤቶችም ሥሩ የተጠጉት ለዚሁ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1999 መንደሩን፣ ገዳሙንና ዋሻውን አንድ ላይ በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። ከሁሉ ግን ሙዚየሙን አትዝለልብኝ። ገዳሙ በሐምራዊ ብራና ላይ በብር ቀለም ከተጻፈ የ6ኛው ክፍለ ዘመን ወንጌል የማርቆስን ቅጠሎች ይጠብቃል። ብራና ሲፋቅ ባየ አገር ተወልደህ ይህን ሳታይ ብትመጣ እቀየምሃለሁ።

5. የአቴንስ በረራህን መርከብህ በሚደርስበት ዕለት አትያዝ። በሐምሌና በነሐሴ የሰሜኑ ነፋስ ኤጅያንን ሲያናውጥ መርከብ ይዘገያል፤ ሲብስም ይቀራል። ነፋሱ ካልመጣ ደግሞ የተረፈችህን ቀን ግሪኮስ የባሕር ዳርቻ ወርደህ ዋኝባት።